የነጋዴው ቤትና የሰማይ መንገድ

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው አንዳንዴ በቀልድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን በምሬት ነው። የድሃው አቤቱታ በመዝገብ ቤት አቧራ ሲጠጣ የባለጠጋው ጉዳይ በአንድ ቀን ሲያልቅ ያየ ሰው ከንፈሩን መጥጦ የሚላት ነች። ተረቷን መጀመሪያ የተናገራት ሰው የሰማይ መንገድ ሲል ፈረስና በቅሎ የሚሄዱበት፣ ድንጋይና ሣር ያለው መንገድ ማለቱ እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

በኢጣልያ አገር፣ በፍሎሬንስ ከተማ ግን እንዲህ ያለውን መንገድ በእውን ያሠራ አንድ የነጋዴ ቤተሰብ ነበር። መንገዱ የተሠራው በቤቱ ውስጥ፣ በጸሎት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው። በወርቅና ከምሥራቅ በመጣ ሰማያዊ ቀለም ተሥሏል። ፈረሶች ይሄዱበታል፤ ነገሥታት ይሄዱበታል፤ ያሠሩት ነጋዴዎችም ራሳቸው ከነገሥታቱ ተከትለው ይሄዱበታል። ቤቱ ዛሬ ፓላዞ ሜዲቺ ሪካርዲ የሚባል ሙዚየም ነው። ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ይገባበታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ አብረን ገባ ብለን እንወጣለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደጁ ስንጀምር

ከከተማይቱ ትልቁ ካቴድራል ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ በእግሩ የተጓዘ ሰው ቤቱን ያገኘዋል። መንገዱ ዛሬ ካቩር ይባላል፤ በድሮው ዘመን ስሙ ሰፊው ጎዳና ነበር። መጀመሪያ ሲታይ ቤቱ ቤተ መንግሥት አይመስልም፤ ምሽግ ወይም ወኅኒ ቤት ይመስላል። የምድር ቤቱ ግድግዳ ያልተጠረበ በሚመስል፣ እንደ ቋጥኝ ወደ ውጭ ባበጠ ድንጋይ የተሠራ ነው። ወደ ሁለተኛው ደርብ ዓይናችንን ስናነሣ ድንጋዩ ይለሰልሳል፤ የመጋጠሚያው መስመር ብቻ ይታያል። ሦስተኛው ደርብ ጭርሱን እንደ ወረቀት ልሙጥ ነው። ከሁሉ በላይ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ወደ ውጭ የወጣ ከባድ የጣራ ክፈፍ ተደፍቶበታል።

ቤቱን ያሠራው ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ነው፤ ከ1389 እስከ 1464 የኖረ የባንክ ባለቤት። ሥራው የተጀመረው በ1444 አካባቢ ሲሆን መሐንዲሱ ሚኬሎዞ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ እንደሚተርከው ኮሲሞ አስቀድሞ ንድፍ የጠየቀው በዘመኑ የመሐንዲሶች አለቃ የነበረውን ብሩኔሌስኪን ነበር። ብሩኔሌስኪም እጅግ ያማረ ንድፍ አቀረበ። ኮሲሞ አየና አይሆንም አለ። ምቀኝነት ውሃ ማጠጣት የማይገባው አረም ነው ብሎ ነበር ይባላል። ታሪኩ ተረት ቢሆን እንኳ የሰውዬውን ጠባይ ያሳያል። ኮሲሞ በ1433 በጠላቶቹ ተከስሶ ተሰዶ ነበር፤ በዓመቱ በ1434 ተመልሶ ከተማይቱን በእጁ አደረገ። ፍሎሬንስ ግን ሪፐብሊክ ነበረች። ንጉሥ የላትም፣ ንጉሥም አትወድም። ስለዚህ የከተማው ጌታ እንደ ተራ ዜጋ መምሰል ነበረበት። ሥልጣኑን በመዝገቡና በወዳጆቹ በኩል እንጂ በዘውድ አልያዘውም።

ከውጭው ግድግዳ ሥር ዙሪያውን የድንጋይ መቀመጫ አለ። ዛሬ የደከመው ቱሪስት ያርፍበታል። በዚያን ዘመን ግን የተሠራው ለሌላ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው፣ ልጁን ሥራ ማስያዝ የሚፈልግ፣ ግብር እንዲቀነስለት የሚለምን፣ ብድር የቸገረው፣ ጌታው እስኪወጣ ድረስ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ነው። ደጅ ጥናት እኛ አገር ብቻ ያለ የሚመስለን ካለን ያንን ድንጋይ ማየት ነው። ከአምስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ የሆነው መቀመጫ ከቤቱ ሁሉ ይበልጥ ለእኛ የሚገባን ቦታ ይመስለኛል።

አራጣና ሐዋላ

ገንዘቡ ከየት መጣ? የሜዲቺን ባንክ በ1397 ያቋቋመው የኮሲሞ አባት ጆቫኒ ዲ ቢቺ ነው። ባንኩ ኋላ በሮም፣ በቬኒስ፣ በጄኔቫ፣ በብሩዥ፣ በለንደን፣ በአቪኞን፣ በሚላኖ ቅርንጫፎች ነበሩት። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ከትርፉ ከግማሽ በላይ ያስገባ የነበረው የሮም ቅርንጫፍ ነው፤ ደንበኛውም የሮማው ፓፓ ነበር። ከመላው አውሮፓ ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈለው ገንዘብ በሜዲቺዎች እጅ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ያችው ቤተ ክርስቲያን አራጣን በብርቱ ትከለክል ነበር። ገንዘብ አበድሮ ወለድ መውሰድ እንደ ኃጢአት የሚቆጠር ነገር ነው። አራጣ የበላ ሰው የበላውን ካልመለሰ ሥርየት የለውም ይባል ነበር። ታዲያ ባንክ ያለ ወለድ እንዴት ይቆማል?

መልሱ ሐዋላ ነው። አንድ ነጋዴ በፍሎሬንስ 1,000 ፍሎሪን ያስፈልገዋል እንበል። ፍሎሪን ሦስት ግራም ተኩል ያህል የሚመዝን ንጹሕ የወርቅ ገንዘብ ነው። ባንኩ ገንዘቡን ይሰጠዋል፤ ነጋዴውም ከሦስት ወር በኋላ ለንደን ላይ በእንግሊዝ ገንዘብ እንዲከፈል የሚያዝ ወረቀት ይጽፋል። ለንደን ያለው የባንኩ ወኪል ገንዘቡን ተቀብሎ በሌላ ወረቀት፣ በሌላ የምንዛሪ ዋጋ ወደ ፍሎሬንስ ይመልሰዋል። በሄደውና በተመለሰው መካከል ያለው ልዩነት ትርፍ ነው። የምንዛሪው ዋጋ ሊወጣም ሊወርድም ስለሚችል ይህ ብድር ሳይሆን ንግድ ነው ተባለ። አብዛኞቹ ሊቃውንትም ተቀበሉት። ትርፉ ግን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ወደ ባንኩ እንጂ ወደ ተበዳሪው አላደላም።

ሕጉ ቢፈቅድም ኅሊና ዝም አላለም። የዘመኑ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ቬስፓዚያኖ እንደሚለው፣ ኮሲሞ ከገንዘቡ ከፊሉ በመልካም መንገድ እንዳልመጣ ስለተሰማው ከነፍሱ ሸክሙን ለማቃለል ምን እንደሚሻል ፓፓ ኤውጄንዮስ 4ኛን ጠየቀ። ፓፓውም 10,000 ፍሎሪን አውጥተህ የቅዱስ ማርቆስን ገዳም አሠራ አሉት። ገዳሙ ከቤቱ በዚያው ሰፊ ጎዳና ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ኮሲሞ 40,000 አወጣበት። ቤተ መጻሕፍትም አከለበት። የልጅ ልጁ ሎሬንዞ ደግሞ በማስታወሻው ላይ ከ1434 እስከ 1471 ድረስ ቤተሰቡ ለሕንፃ፣ ለምጽዋትና ለግብር ያወጣውን ደምሮ 663,755 ፍሎሪን ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። ገንዘቡ በከረጢት ቢቀመጥ ይሻል ነበር የሚሉ ይኖሩ ይሆናል፣ እኔ ግን በደንብ እንደወጣ አምናለሁ የሚል ሐሳብም አክሎበታል።

እንግዲህ ወደ ጸሎት ቤቱ የምንገባው ይህን ሒሳብ ይዘን ነው።

ሰብአ ሰገል በሜዲቺ ቤት

ክፍሉ ትንሽ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገቡት ሰዎች በቁጥር ስለሆኑ ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከገቡም በኋላ ደቂቃው የተቆጠረ ነው። እኔ ስገባ መጀመሪያ የተሰማኝ ግራ መጋባት ነው። የትኛውን ግድግዳ ልይ? ሦስቱም ይጠራሉ። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ ጣራው ድረስ ተራራ፣ ዛፍ፣ ምሽግ፣ ፈረሰኛ፣ አዳኝ ውሻ፣ አጋዘን፣ ወፍ። ያ ሁሉ ሕዝብ በተጠማዘዘ መንገድ ከተራራ ወደ ሜዳ እየወረደ ወደ መንበሩ ያመራል። ሥዕሉ የሰብአ ሰገል ጉዞ ነው። ከምሥራቅ ኮከብ አይተው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ወደ ቤተ ልሔም የሄዱት።

የሣለው ቤኖዞ ጎዞሊ ነው፤ ዘመኑም 1459። ሥራውን የተቆጣጠረው የኮሲሞ ልጅ ፒዬሮ ነበር። ሠዓሊው በዚያው ዓመት በጋ ለፒዬሮ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሁንም አሉ። ከእነርሱ የምንረዳው የሠዓሊና የባለገንዘብ ነገር ከጥንትም አንድ መሆኑን ነው። በአንዱ ደብዳቤ ፒዬሮ አንዳንዶቹን ሱራፌል እንዳልወደዳቸው ሰምቷል፤ ታዲያ እንዲህ ሲል ያስረዳል፦ አንዱ በጥግ በደመና መካከል ያለ ነው፣ የክንፉ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው፤ ካስፈለገ ሁለት ትንንሽ ደመና ሠርቼ እሸፍናቸዋለሁ። በሌላው ገንዘብ ይጠይቃል። ሰማያዊው ቀለም ላጲስ ላዙሊ ከሚባለው ድንጋይ የሚፈጭ ነው፤ ድንጋዩ የሚቆፈረው ዛሬ አፍጋኒስታን በምንለው አገር ነበር፤ ዋጋውም ከወርቅ ጋር የሚወዳደር። ፒዬሮ ግድግዳው ውድ መሆኑ እንዲታይለት ፈልጎ ነበር። ታየለት።

በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ወጣቱ ንጉሥ በነጭ ፈረስ ይሄዳል። ከኋላው ፒዬሮ፣ እርሱም በነጭ ፈረስ። ከጎኑ ሽማግሌው ኮሲሞ በበቅሎ ተቀምጧል። የከተማው ባለቤት በበቅሎ! ያ የምቀኝነት አረም እዚህም እንዳይበቅል ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ የሪሚኒና የሚላኖ መሳፍንት፣ ከዚያም የከተማው ሰዎች ፊት በፊት ላይ ተደራርቦ ይታያል። ትንሹ ሎሬንዞም በዚያ ሕዝብ ውስጥ አለ። ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። ሠዓሊው ራሱንም አልረሳም። ቀይ ቆብ አድርጎ በሕዝቡ መካከል ቆሞ ይመለከተናል፤ በቆቡም ጠርዝ ላይ ሥራው የቤኖዞ መሆኑን በወርቅ ፊደል ጽፎታል።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ቢሉ ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው የከተማይቱ ልማድ ነው። በፍሎሬንስ የሰብአ ሰገል ማኅበር ነበር፤ ሜዲቺዎችም ዋነኛ አባሎቹ ነበሩ። ማኅበርተኞቹ በጥር 6 በዓል እንደ ነገሥታት ለብሰው በሰፊው ጎዳና ወደ ቅዱስ ማርቆስ ገዳም በሰልፍ ይወጡ ነበር። ሁለተኛው የ1439ኙ ጉባኤ ነው። የምዕራብና የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅ በፌራራ የተጀመረው ጉባኤ በኮሲሞ ጥረትና ገንዘብ ወደ ፍሎሬንስ ተዛወረ። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 8ኛ ፓሌዎሎጎስና ፓትርያርኩ ዮሴፍ ከሰባት መቶ ያህል ተከታዮቻቸው ጋር መጥተው በከተማይቱ ተቀመጡ። የምሥራቁ ሰዎች ረጃጅም ልብስ፣ ባርኔጣቸው፣ ጺማቸው፣ አውሬና ፈረሳቸው የፍሎሬንስን ሕዝብ አስገርሞ ነበር። መካከለኛው ጺማም ንጉሥ ያንን የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ይመስላል ሲባል የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኢየሩሳሌም የመጡ እንግዶች

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ቆም ማለቱ አይቀርም። ምክንያቱም ያ ጉባኤ የእኛም ታሪክ አለበትና።

ፓፓ ኤውጄንዮስ በ1439 አልቤርቶ ዳ ሳርቴያኖ የተባለውን ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ወደ ምሥራቅ ላከው። መነኩሴው ከግብፅ የቅዱስ እንጦንስ ገዳም አበምኔት የሆኑትን እንድርያስን ይዞ ተመለሰ። በኢየሩሳሌም የነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት አለቃ አባ ኒቆዲሞስም የራሳቸውን መልእክተኞች ላኩ። የመልእክተኞቹ መሪ ዲያቆን ጴጥሮስ ይባላል። በ1441 ክረምት ፍሎሬንስ ገቡ፤ በመስከረም መጀመሪያም በፓፓው ፊት ቀርበው ንግግር አደረጉ። ያኔ በአገራቸው የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። መልእክተኞቹ የተላኩት ግን ከኢየሩሳሌም ገዳም እንጂ ከንጉሡ አልነበረም። ከፍሎሬንስ ወደ ሮም ተሻገሩ። ጉዟቸው ተረስቶም አልቀረም። በ1445 ፊላሬቴ የተባለ ቀራፂ ለቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በሠራው የነሐስ በር ላይ ከእንድርያስ ጋር የመጡት የምሥራቅ መነኮሳት ተቀርጸው ዛሬም ይታያሉ።

መልእክተኞቹ ፍሎሬንስ ሲደርሱ የሜዲቺ ቤት ገና አልተጀመረም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ ግን ቤኖዞ ከምሥራቅ የሚመጡ እንግዶችን በግድግዳው ላይ ሲሥል በከተማው ውስጥ እነዚያን ጠቆር ያሉ መነኮሳት ያየ ሰው ሞልቶ ነበር። ይሁንና ከሦስቱ ነገሥታት አንዱም ጥቁር አይደለም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1460ዎቹ ሌላው ኢጣልያዊ ማንቴኛ በሣለው የሰብአ ሰገል ሥዕል ላይ አንዱ ንጉሥ ጥቁር ሆኖ ተንበርክኳል። በሜዲቺ ቤት ግን ለዚያ ቦታ አልተገኘም።

ይልቁንም ሌላ ሰው አለ። በኮሲሞና በፒዬሮ አጠገብ፣ በእግሩ የሚሄድ፣ ትልቅ ቀስት የያዘ ጥቁር ሰው። ወጣት ነው፤ ቁመናው ያማረ ነው። ሠዓሊው ፊቱን በጥንቃቄ ሠርቶታል፤ ከአንድ ሰው ላይ አይቶ እንደሣለው ያስታውቃል። በዚያ ዘመን በፍሎሬንስ በባርነት የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከጥቁር ባሕር አካባቢ፣ አንዳንዶቹም ከአፍሪካ የመጡ። በባለጠጎች ቤት ያገለግሉ ነበር። የቀስተኛው ስም ግን በየትም አልተጻፈም። ኮሲሞ በስም ይታወቃል፤ መሳፍንቱ ይታወቃሉ፤ ሠዓሊው ስሙን በቆቡ ላይ ጻፈ። ሊቃውንት ከሕዝቡ መካከል የብዙውን ሰው ማንነት በጥናት ደርሰውበታል። ከሁሉ ፊት የቆመው ይህ ሰው ግን ቀስተኛው ተብሎ ብቻ ቀርቷል።

የተሰበሰበውና የተበተነው

ከጸሎት ቤቱ ወጥተን ሌሎቹን ክፍሎች ስናይ አንድ ነገር ይገርመናል። የዚያ ሁሉ ባለጸጋ ንብረት የታለ? ሎሬንዞ በ1492 ሲሞት በቤቱ የነበረው ዕቃ ክፍል በክፍል ተቆጥሮ ከነዋጋው ተመዝግቦ ነበር። መዝገቡ በግልባጭ ዛሬም አለ። ከዚህ መዝገብ ብዙ እንማራለን። ለምሳሌ በጥንት ዘመን ከከበረ ድንጋይ የተቀረጸ፣ ዛሬ ታሳ ፋርኔዜ የሚባል አንድ ሳህን 10,000 ፍሎሪን ተገምቷል። ዛሬ የዓለም ሙዚየሞች ዓይናቸውን የማይነቅሉባቸው የፓዎሎ ኡቼሎ ሦስት የጦርነት ሥዕሎች ደግሞ ከሌሎች ሦስት ጋር ተደምረው 300 ፍሎሪን ብቻ። የሥዕል ዋጋ ያኔ ከዛሬው ምን ያህል እንደሚለይ ልብ ይሏል።

እነዚህ የኡቼሎ ሥዕሎች የራሳቸው ጉድ አላቸው። ፍሎሬንስ በ1432 ሲዬናን የተዋጋችበትን የሳን ሮማኖ ጦርነት ያሳያሉ። ለረጅም ጊዜ ሜዲቺዎች ያሠሯቸው ሲመስል ኖሮ ነበር። በቅርቡ በመዛግብት ጥናት የተደረሰበት ግን ሌላ ነው። ያሠራቸው ባርቶሊኒ ሳሊምቤኒ የተባለ ሌላ ቤተሰብ ነበር፤ ወራሾቹም ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ሎሬንዞ ሥዕሎቹን ወደዳቸው። አንደኛው ወንድም ድርሻውን ሰጠው። ሁለተኛው፣ ዳሚያኖ፣ አልሸጥም አለ። ሎሬንዞ ሰው ልኮ ከሰውዬው ቤት በጉልበት አስወሰዳቸው። ያ ጥበብን የሚወድ፣ ራሱ ግጥም የሚገጥም፣ ሠዓሊዎችን የሚረዳ ሎሬንዞ! ዳሚያኖ አቤት ሊል የቻለው ሜዲቺዎች ከወደቁ በኋላ በ1495 ነው።

መውደቃቸውም ቅርብ ነበር። የለንደኑ ቅርንጫፍ ለእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ፣ የብሩዡ ደግሞ ለቡርጎኙ መስፍን ቻርልስ እየደጋገመ አበድሮ ገንዘቡ ሳይመለስ ቀረ። ንጉሥን ብድር የሚከስ ማን ነው? ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በኅዳር 1494 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 8ኛ በጦር ሲመጣ የሎሬንዞ ልጅ ፒዬሮ ከተማውን አስቆጥቶ ኅዳር 9 ቀን ሸሸ። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ገባ። ዘረፋ ሆነ። ባንኩም በዚያው ዓመት አበቃለት። በውስጠ ግቢው መካከል ቆሞ የነበረው የዶናቴሎ የነሐስ ዳዊትና በአትክልቱ ቦታ የነበረችው ዮዲት ወደ ከተማው ምክር ቤት ተወሰዱ። ዮዲት የሆሎፎርኒስን ራስ ስትቆርጥ የምታሳየው ሐውልት በምክር ቤቱ ደጅ ለአምባገነኖች ማስጠንቀቂያ ሆና ተተከለች። በሜዲቺ ግቢ ሳለች የትሕትና ድል በትዕቢት ላይ ነበር የምትሰብከው። ሐውልቷ አንድ ነው፤ ትርጉሟ ግን እንደ ደጁ ይለዋወጣል።

ዛሬ ዳዊት በባርጄሎ ሙዚየም ነው። የኡቼሎ ሦስቱ ሥዕሎች አንዱ ለንደን፣ አንዱ ፓሪስ፣ አንዱ በዚያው በፍሎሬንስ በኡፊዚ ይገኛሉ። የከበረው ሳህን ኔፕልስ ነው። በጸሎት ቤቱ መንበር ላይ የነበረው የፊሊፖ ሊፒ ሥዕል፣ ማርያም በጫካ ውስጥ ሕፃኑን ስታመልክ የሚያሳየው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ተሽጦ በርሊን ገባ። በቦታው ቅጂ ነው ያለው። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ተራራ ቆርጦ የሚሄደው ወደ ቅጂ ነው።

በበዓሉ ሌሊት

ሜዲቺዎች ተመልሰው መጡ፤ በዚህም ጊዜ ዜጋ ለመምሰል አልደከሙም። ከ1532 ጀምሮ አሌሳንድሮ ዴ ሜዲቺ የፍሎሬንስ መስፍን ተብሎ በዚህ ቤት ተቀመጠ። እናቱ በቤተሰቡ የምታገለግል ሴት እንደነበረች፣ ዘሯም ከአፍሪካ እንደሚመዘዝ ሲነገር ኖሯል፤ በመልኩ ምክንያትም ጥቁሩ የሚል ቅጽል ወጣለት። በዚያው ግድግዳ ላይ ቀስተኛው በእግሩ በሚሄድበት ቤት ውስጥ ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ እንዲህ የሚባል ሰው ጌታ ሆነ ማለት ነው። ብዙ አልቆየም። በጥር 1537፣ በሰብአ ሰገል በዓል ሌሊት፣ የገዛ ዘመዱ ሎሬንዚኖ አታሎ ወስዶ ገደለው።

ተተኪው ኮሲሞ 1ኛ በ1540 ወደ ከተማው ምክር ቤት ሕንፃ ተዛወረ፤ አሁን የሚገዛው በግልጽ ነውና። ይህ ኮሲሞ የዓለምን ታላላቅ ሰዎች መልክ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ክሪስቶፋኖ የተባለውን ሠዓሊ ወደ ኮሞ ልኮ በዚያ የነበሩትን ምስሎች አስገለበጠ። ከእነዚህ መካከል የእኛው ዐፄ ልብነ ድንግል አሉ። ምስላቸው በኡፊዚ ሙዚየም ይገኛል።

አሮጌውን ቤት በ1659 ሪካርዲ የሚባሉ ሌሎች ባለጠጎች ገዙት። አሰፉት፤ በመስታወት የተሞላ አዳራሽ አክለው ጣራውን ከ1682 እስከ 1685 በሉካ ጆርዳኖ አሣሉት። በዚያ ጣራ ላይ ሜዲቺዎች እንደ አማልክት በሰማይ ተቀምጠዋል። ከበቅሎ ወደ ደመና! ሪካርዲዎች ትልቅ ደረጃ ለመሥራት ሲሉ የቤኖዞን ግድግዳ አንድ ማዕዘን ቆርጠው ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ሥዕሉም ተከፈለ። እነርሱም በተራቸው ከሰሩ። ቤቱ በ1814 ለመንግሥት ተሸጠ፤ ፍሎሬንስ የኢጣልያ ዋና ከተማ በነበረችባቸው ዓመታት የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ሆነ፤ በ1874 የአውራጃው አስተዳደር ገዛው። ዛሬም ከሙዚየሙ ጎን የመንግሥት ቢሮ አለበት። ባለጉዳይም አይጠፋም።

ሽማግሌው ኮሲሞ ልጁ ጆቫኒ በ1463 ከሞተበት በኋላ አገልጋዮቹ ተሸክመውት በክፍሎቹ ሲዘዋወር፣ ቤቱ ለዚህ ትንሽ ቤተሰብ እጅግ ሰፊ ነው እያለ ያዝን ነበር ይባላል። ባንኩ ከሰረ፤ ዕቃው ተበተነ፤ ቤተሰቡም በ18ኛው መቶ ዘመን ዘር ሳያስቀር አለቀ። በቦታው የቀረው ሊሸከሙት የማይቻለው ነገር ነው፤ ግድግዳው። ገንዘብ የሰማይ መንገድ አሠርቷል፤ ያሠሩት ነጋዴዎች በእርግጥ በዚያ መንገድ መግባት አለመግባታቸውን ግን የሥዕሉ ሰልፍ አይነግረንም። መንገዱ ገና መንበሩ ጋ አልደረሰም።

ተቆጣጣሪዋ ሰዓቴ ማለቁን በእጇ ስታመለክተኝ ለመጨረሻ ጊዜ የተመለከትኩት ኮሲሞን አይደለም። ቀስት የያዘውን ሰው ነው። ጌቶቹ ወደፊት ሲያዩ እርሱ በመካከላቸው ቆሞ መንገዱን ይጠርጋል። ከመቶ የሚበልጥ ሰው በተሣለበት ግድግዳ ላይ ስሙን ልንጠይቀው የምንፈልገው እርሱን ነበር። ወጥቼ በድንጋዩ መቀመጫ ላይ ጥቂት አረፍኩ።